በጸሎት ደብተር የከሰስኳቸው ሴት

ልጅ ሳለሁ የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ጉድ ያመጣብኝም እሱ ነው። እናቴ የምትካፈልበት የእህቶች ጸሎት አሰላ ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ በተራ ይደረግ ነበር። ከአሥራ አንዱ ሴቶች አብዛኞቹ ፊደል ስላልቆጠሩ የጸሎት ርዕሱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ገና አምስተኛ ክፍል ነኝ፣ ኩራቴ ግን ለጉድ ነው።

የአንዷ ባል አቦምሳ ለሥራ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፣ የሌላዋ ላም ወተት ነስታለች፣ የሌላዋ ልጅ ማትሪክ ሊፈተን ነው። ሁሉንም ቁጥር እየሰጠሁ አሰፍራለሁ። ከዚያ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሴቶቹ በሙሉ እጃቸውን ይዘረጉበታል። መልሶ የሚያነበው የለም። «ጌታ ሆይ፣ እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ፈጽምልን» ይባላል፤ «አሜን!» ሲሉ ቤቱ ይናጋል። የሚነበበው በሳምንቱ ነው። እኔ ቆሜ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ መልስ ያገኘው ላይ ራይት አደርጋለሁ።

ከሴቶቹ አንዷ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ነበሩ። ጓሯቸው ባቄላ ይዘራሉ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጆሮዬን ይዘው «እሸቴን የጨረሰችው ይህቺ ናት!» አሉ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ የበላሁት ሁለት ጭብጥ ነው። ማሳውን ያራቆቱት የሰፈሩ ፍየሎች ናቸው። ግን ማን ይስማኝ? የመዘምራን አስተማሪያችን ለገና ከሚዘምሩት ልጆች ስሜን ሰረዘችው። ነጭ ቀሚሴ ተሰፍቶ አልቆ ነበር እኮ! አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ ሴቶቹ ተናግረው ሲጨርሱ አጎንብሼ የራሴን ጨመርኩ። «አሥራ ሁለት፦ ጌታ ሆይ፣ በአዴ ጫልቱ ላይ ፍረድ። በአስቸኳይ።» ደብተሩን አስቀመጥኩ። እጆች ተዘረጉ፣ አሜን ተባለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ ዕለት አዴ ጫልቱን በጋሪ ጭነው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ታይፎይድ ነው ተባለ። ቅዳሜ ደግሞ ሰው አይለዩም ተባለ። ወይኔ ጉዴ! ሰው ገደልኩ! እህል አልወርድ አለኝ። ገጹን እንዳልቀደው የጸሎት ደብተር ነው፣ ያስፈራል። ዝም እንዳልል ረቡዕ ቆሜ ማንበቤ አይቀርም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ራይት ማድረግ ያለብኝ መሆኑ ነበር፤ ጸሎቱ ተመልሷላ!

ማክሰኞ እናቴ አጥሚት ይዛ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ተከተልኳት። አዴ ጫልቱ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ነፍሳቸው ግን ተመልሳለች። እናቴ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ፣ እያለቀስኩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ተጸለየበት?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔስ ነበርኩ?»

«ነበሩ። እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብለው አሜን ያሉት እርስዎ ነዎት።»

አዴ ጫልቱ መሳቅ ጀመሩ። ሳል እስኪያንቃቸው ሳቁ፤ ነርሷ ሮጣ መጣች። «በገዛ ራሴ ላይ! በገዛ ራሴ ላይ አሜን!» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

ሲረጋጉ እጄን ያዙኝ። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ። እኔም የዚያን እሑድ ‘ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ሌባ ቅጣልኝ’ ብዬው ነበር። ታዲያ ቀጣሽ? ይኸው ደህና ነሽ። አቤት ማለት የእኛ ነው፤ ፍርዱ ግን የሱ ነው። ለማናችንም ቁጣ አይላላክም። የሁለታችንንም ሰምቷል፣ እውነቱንም ያውቃል።» አተኩረው አዩኝና «ለመሆኑ ስንት በላሽ?» አሉኝ።

«ሁለት ጭብጥ።»

«ፍርዱ የማን ነው አልኩሽ?»

«ሦስት» አልኩ። እንደገና ሳቁ።

እፎይ! ያን ቀን የቀለለኝን ያህል በሕይወቴ ቀሎኝ አያውቅም። ቤት ገብቼ የሁለት ሰው ምሳ በላሁ። በማግስቱ ቁጥር አሥራ ሁለትን ቆሜ አነበብኩት። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አዴ ጫልቱ ያሉትን ስነግራቸው ግን ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ «እኔም በምራቴ ላይ እንዲሁ ስጸልይ ነበር» አለች። አዴ ጫልቱ ከሆስፒታል እንደወጡ ገና በቅጡ ሳይጠነክሩ ወደ መዘምራን አስተማሪዋ ሄደው አማለዱኝ። ለገናም ዘመርኩ።

ዛሬም አሰላ ነው የምኖረው። የጸሎት ርዕስ አሁን የሚመጣው በቴሌግራም ነው። በቀደም አንዲት እህት የሰው ስም ጠርታ «ጌታ ይፍረድበት» ብላ ጻፈች፤ አንብበን ሳንጨርስ አሜኑ ተደረደረ። ያኔ የከሰስሽውን ሰው በሳምንቱ ጸሎት ላይ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ታገኚው ነበር። አሁን ማን ማንን ያያል? ይህ ያሳዝነኛል። ግን እንደ ልጅነቴ አልደነግጥም። ፍርዱን ለእኛ ያልተወ አምላክ ተመስገን እላለሁ፤ የጠየቅነውን ሁሉ እንደ ጠየቅነው ቢፈጽምልን ኖሮ፣ አሰላ ላይ አሜን የሚል ሰው ባልተረፈ ነበር።