አባቴ ያበላሸው ተረት

ልጅ ሳለሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረችን፤ ከፊት እንሸጣለን፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንኖራለን። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩነሽ፣ ባሏ ሲሞትባት ከደጋው ከገረሴ ወርዳ እኛ ጋ ገባች። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ፋኖሱ ሲለኮስ ሳሙናና ላምባ በሚሸተው ሱቃችን የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ተረት ትጀምርልኛለች፤ ሊገዛ የመጣውም ሁሉ ዕቃውን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነውና በአማርኛዋ ጅቡ አንዴ «መጣ»፣ አንዴ «በላች» ይሆናል። አንድ ሹፌር «ግን ጅቡ ወንድ ነው ሴት?» ቢላት፣ ረጋ ብላ «ሮጦ ነው ያለፈችው፤ መቼ ለየሁት» አለችው።

አባቴ የማይሰማ መስሎ ይመዝናል። አንድ ምሽት ግን በተረቷ ጅቡ አንድ ጎጆ በር ሲደርስ፣ ለጎረቤታችን ለባለሻይ ቤቷ በስኳር ፋንታ ጨው መዘነላት። በማግስቱ ሴትዮዋ ሻዩን በብርጭቆ ይዛ መጣችና እስኪጨርሰው ቆማ ጠበቀችው። አባቴ አፍሮ ወደ አክስቴ ዞረ። «ከእንግዲህ እዚህ ተረት አይወራም» አላት።

ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን በነጠላ ስትቋጥር አገኘናት። «ነገ አገሬ እወጣለሁ፤ ሸክም ሆንኩባችሁ» አለቻት እናቴን። እኔ አለቀስኩ። አባቴ ከባንኮኒው ሆኖ ሰምቷል።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድ ጅብ ነበር» ሲል ጀመረ። ከዕቃ ዋጋ ሌላ ወሬ የማያውቀው አባቴ ጅቡን ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ አንዲት ጦጣ አባያ ሐይቅ ውስጥ አስገብቶ ዓሣ አስጠመዳት፤ በመጨረሻ መውጫው ሲጠፋው ሁሉንም ገበያ ላካቸው። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የአክስቴ እጅ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ጅብ ዛፍ ላይ ምን ትሠራለች?» አለች በሹክሹክታ። ገበያው ላይ ሲደርስ ግን አልቻለችም፤ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ተው አንተ፣ እንዲህ አይደለም» አለችው።

አባቴ ከረጢቱን ወደ ፋኖሱ አስጠጋላትና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ተቀመጠች። እስክትሞትም ከእኛ ጋር ኖረች።

ካደግሁ በኋላ አባቴን፣ ተረቱን ሆን ብሎ አበላሽቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው» አለኝ። የእሷን ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ልጆቼ ተረት አውሪልን ሲሉኝ አፌ ላይ የሚመጣው የአባቴ ነው፤ ጅቡን ዛፍ ላይ ስሰቅለው ይስቃሉ፣ ያረመኝ ግን እስካሁን የለም።