ከየረር መልስ

ፍርሃትን ማሸነፍ ያኮራል ከሚሉ ሰዎች ጋር መከራከር ትቻለሁ። ብቻ እኔ አንድ እሑድ ታግዬው ምን እንዳተረፍኩ አውቃለሁ። ከፍታ እፈራለሁ። ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ካስቀመጡኝ ወንበሩን የሙጥኝ እላለሁ። ነውር ነው ብዬም አላውቅም፤ መሬት ላይ የተፈጠረ ሰው መሬትን ቢመርጥ ምን ይገርማል?

ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ዓመት የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ሠራተኛው በሙሉ የረር ተራራ ላይ ወጥቶ ቀይ ባንዲራ እንዲተክል ወሰነ። ባንዲራውን እዚያ ላይ ከጭልፊት በቀር ማን እንደሚያየው የጠየቀ የለም።

አመመኝ ብዬ መቅረት እችል ነበር። በእኛ አገር ግን አመመኝ ማለት እንግዳ መጥራት ነው። ባልደረቦቼ በማግስቱ ብርቱካን ይዘው ቤቴን ይሞሉታል፤ "እግዜር ይማርህ" ብለውም ቶሎ አይነሱም። መገናኛ አጠገብ፣ እኔና እማዬ በምንኖርባት ቤት ጓዳ ውስጥ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ከተደበቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለጋል። ስለዚህ፣ ሰው እንዳይመጣብኝ ብዬ ተራራ ወጣሁ።

መውጣቱስ ከፊቴ ያለውን ሰው ተረከዝ እያየሁ ሆነልኝ። መውረዱ ነው ጉድ ያፈላው። ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ አቅፌ ቁጭ አልኩ።

"ጓድ፣ እዚሁ ጎጆ እንቀልስልህ?" አለ አንዱ።

"ተዉት፣ ባንዲራውም ዘበኛ ያስፈልገዋል" አለች የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። ሁሉም ሳቁ።

ያልሳቀው ካድሬያችን ብቻ ነበር። ወገቡ ላይ ሽጉጥ የማይለየው፣ በኮሪደር ሲያልፍ ወሬ የሚያስቆመን ሰው። አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "ታች አትይ፣ እኔን እይ" አለኝ በቀስታ። ክንዴን ይዞ፣ እግሬን የት እንደማሳርፍ እያሳየ፣ አንድ ሰዓት ፈጅቶ አወረደኝ።

የወሰደን አይፋ የጭነት መኪና መልሶ መገናኛ ሲያራግፈን አሥር ሰዓት ነበር። እግሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

"ላድርስህ" አለኝ ካድሬው።

"ኧረ ጓድ፣ አትቸገር፤ ቅርብ ነው።"

"ቅርብ ከሆነማ ምን ቸገረኝ?"

አጥብቆ እምቢ ያለ ሰው ቤቱ ምን ደብቋል ያሰኛል። እሺ አልኩ። ድምፄ ቀድሞኝ እንዲደርስ ግን መንገዱን ሙሉ ጮክ ብዬ አወራሁ።

እማዬ በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር አየችን። ያየችው ሽጉጥ የታጠቀ ሰው የልጇን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ሲመጣ ነው፤ ልጇም አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ እየተደነቃቀፈ ይለፈልፋል። በዚያ ዓመት ይህ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ተይዤ፣ ተገርፌ፣ ቤት ላስፈትሽ መምጣቴ ነው።

በሩን ስትከፍትልን ከጓሮ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ወንድሜ አጥር ዘሎ ነበር።

"ድመት ናት" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

"እማማ፣ ልጅዎን ይዤልዎት መጣሁ" አለ ካድሬው ፈገግ ብሎ። "ተራራው አስደንግጦት ነው እንጂ ደህና ነው።"

እማዬ እሱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሲገባት አየሁ።

እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም። ሽሮ ቀረበለት። ከጓሯችን ጀርባ ካለው ማሳ ማዶ፣ አብዮት ጥበቃዎች ከሚቆሙበት በኩል፣ ፊሽካ ተነፋ፤ "ያዘው! ያዘው!" የሚል ጩኸት ተከተለ። ካድሬው ቀና አለ።

"ሌባ ይሆናል" ብሎ መልሶ ጎረሰ።

"ብላ እንጂ ልጄ" አለችው እማዬ፣ ወጥ እየጨመረችለት።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየነውም። ቀበሌ ሄደን አንጠይቅም፤ የት ከርሞ ነበር ቢሉን መልስ የለንም። የቀረን አንድ ሰው ነበር። ከገደል ያወረደኝ ሰው ምናልባት አንድ ቃል ይናገርልኝ ይሆናል፤ ምናልባትም እኔንና እማዬንም እስር ቤት ይጨምረን ይሆናል።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ቆምኩ።

"እግርህ እንዴት አደረ?" አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ብሎ።

"ደህና ነው" አልኩትና ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።