የሼህ ፈረጅ ድምፅና የደከሙት ድንጋዮች

አሲያ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው፣ አራቱን የባትሪ ድንጋዮች ከቴፑ ሆድ አውጥታ ፀሐይ ቀድማ በምታርፍበት የካብ አጥር ላይ መደርደር ነበር። ወደ ቀትር ተመልሳ እንደተሰጣ በርበሬ ታገላብጣቸዋለች። ማታ ስትሰበስባቸው ደግሞ አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ ታስነካቸዋለች፤ ሙቀቱ ከገባባቸው ለነገም ይሆናሉ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አዲስ ድንጋይ እንኳን ቆላ ወርዶ አልዩ አምባ፣ ደጋው አንኮበርም እንደ ልብ አይገኝም። የቀበሌው ሱቅ ሲያገኝ ያድላል፤ ሲያጣ ፀሐይ ታድላለች።

ቴፑን የላከው አሰብ ወደብ የሚሠራው ወንድሟ አብዱልሀሚድ ነው። እናቷ ረሒማ «እኔ እህል ውሃ የማይቀምስ ነገር አላምንም» እያለች አትነካውም። አባቷ ሼህ ፈረጅ የታወቁ መንዙማ አውጪ ነበሩ። አምና በመውሊድ ዕለት አሲያ ቴፑን ከጎናቸው አስቀምጣ ድምፃቸውን በካሴት ቀረጸች። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄደው ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በትንፋሽ ብቻ ነው። ማታ ማታ ያንን ካሴት ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ዘንድሮ መውሊድ ሲቃረብ ሽማግሎቹ «ማን ሊያወጣልን ነው?» ብለው ተጨነቁ።

«ራሳቸው» አለች አሲያ። «ድምፃቸው ከቴፑ ይወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ እሳቸው መሀል ይቀመጣሉ።»

የሼህ ፈረጅ አብሮ አደግ ዘይኑልአቢዲን፣ ቀልድ ካላወራ የማያድረው ሰው፣ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ፈረጅ አፉን ዘግቶ መንዙማ ሊያወጣ? ድሮም ሥራ አይወድም ነበር።»

ሼህ ፈረጅ በስንት ልመና እሺ አሉ። ረሒማም ለበዓሉ ክብር ብላ ከደብረ ብርሃን አዲስ ድንጋይ አስመጣች። የደከሙትን አራቱን በዋዜማው ለትምህርት ቤቱ ላከቻቸው፤ የባትሪ ድንጋይ ሲፈጭ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥቁር ዱቄት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይሆናል።

በመውሊዱ ጠዋት አሲያ አዲሶቹን ድንጋዮች አስገባችና ሽማግሎቹ በተቀመጡበት ቁልፉን ተጫነች። የወጣው ግን የአባቷ ድምፅ አልነበረም። እንደ ጫጩት የሚንጫጫ፣ የሚጣደፍ፣ ሲጣደፍ ቃሉን የሚውጥ ቀጭን ድምፅ ነበር።

«ይኼ ፈረጅ ነው?» አለ ዘይኑልአቢዲን። «ወይስ የተገረዘ ዕለት ነው የቀረጽሽው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼህ ፈረጅም ፈገግ ብለው ነበር፤ ሳቁ ሲረዝም ግን ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። በበሩ ሲያልፉ ልጃቸውን ጠጋ ብለው በትንፋሽ «እኔ አልመጣም፤ የሕፃን ድምፅ ይዤ ጀማ መሀል አልቀመጥም» አሏትና ወደ ጓዳ ገቡ።

ጀማው የሚሰበሰበው ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ነው። አሲያ መጋረጃውን ጋረደችና ቴፑ ላይ አጎነበሰች። መጀመሪያ የካሴቱ ክር የሚታከክባትን ትንሽዬ ብረት ሽቶ በነካ ጥጥ ጠረገቻት፤ ጥጡ ጥላሸት ይዞ ወጣ፣ ድምፁ ግን ያው ጫጩት ነው። ካሴቱን አውጥታ በእስክሪብቶ እያዞረች ክሩን አጠበቀች፤ ያው ነው። መታ መታ አደረገችው። እናቷ ከጀርባዋ «ምን አጠፋ ብለሽ ትደበድቢዋለሽ?» አለቻት።

በመጨረሻ ከሱቅ የተገዛ የዘፈን ካሴት አስገባች። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። እንዲያውም እስከ ትናንት ይጎተት፣ ዘፋኙ እንቅልፍ ይዞት የሚዘፍን ይመስል የነበረው ዘፈን ዛሬ ሲጫወት ረሒማ ሳታስበው ትከሻዋን ነቀነቀች።

አሲያ ያንን ትከሻ ስታይ ብድግ አለች። ትናንት ዘፈኑ ይሳሳት ነበር፣ አባቷ ልክ ነበሩ። ዛሬ ዘፈኑ ልክ ሆነ፣ አባቷ ተሳሳቱ። የተለወጠው ድንጋዩ ብቻ ነው። አምና ስትቀርጽ እነዚያው ፀሐይ የሞቃቸው ድንጋዮች ነበሩ የገቡት። ደክመዋልና ቴፑ በእግሩ እየሄደ ነው የቀረጸው፤ አሁን ጠግቦ እየሮጠ ያጫውተዋል። በእግሩ የሄደውን በእግሩ መስማት ነው።

«እማዬ፣ እነዚያ ድንጋዮች» አለች።

«ትናንት ሰጠኋቸው አላልኩሽም?»

አሲያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች። መምህር ገብረአማኑኤል ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ በአለሎ ድንጋይ ይፈጫል።

«መምህር፣ አይምቱት» አለችው ከሩቁ።

እጁን አንሥቶ ቀረ። ነገሩን ስትነግረው በጥቁር እጁ ጥላሸት የነካውን ግንባሩን ጠርጎ ይባስ አጠቆረው። «ሁለቱ ደኅና ናቸው፤ ውሰጂያቸው» አላት። «ሁለቱ ግን ሰሌዳው ላይ ናቸው። አባትሽ ፊደል ሲቆጠርባቸው ይዋሉ።»

ሁለቱን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ተመለሰች። እንደ ደረሰች አንድ አዲስ አውጥታ አንድ አሮጌ አስገባች። ጫጩቱ ጎረምሳ ሆነ። ዘይኑልአቢዲን በመጋረጃው አንገቱን አስገብቶ «ጢም ሊያበቅል ነው» አለ። ሁለተኛውን አሮጌ ስታስገባ፣ ቀስ ያለ፣ የሰፋ፣ ከሆድ የሚወጣ የትልቅ ሰው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዘይኑልአቢዲን አንገቱን እንዳስገባ ቀረ።

ከጓዳ በኩል ከዘራ ሲጎተት ተሰማ። ሼህ ፈረጅ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ጣታቸው ከዘራው ላይ፣ ድቤ ላይ እንዳለ ሁሉ፣ ምቱን ተከተለ።

«ይኼ እኔ ነኝ» አሉ በትንፋሻቸው። «ልብሴን ስጡኝ።»

ከሰላት በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ሼህ ፈረጅ ነጭ በነጭ ለብሰው ከወንዶቹ መሀል ተቀመጡ። አሲያ ከሴቶቹ ጋር በመጋረጃው ወዲህ ሆነች፤ ድንጋዮቹ ስለማይታመኑ ቴፑ ከእጇ መራቅ አልነበረበትም። ድምፁ ወጣ፤ ጀማው አዝማቹን ተቀበለ፤ ድቤው ተመታ፤ ጭብጨባው ጣራውን አነሣው። ከቆላ የመጡ ገበሬዎች እንኳ፣ የሼህ ፈረጅን መታመም የሰሙት ሁሉ፣ እያለቀሱ ይቀበሉ ነበር። ወደ ማብቂያው ላይ ድምፁ አፍታ ሰጠም ያለ መሰለ፤ ወዲያው ተመልሶ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ዱዓ ሆነ።

ዘይኑልአቢዲን ሲወጣ መጋረጃው ጋ ቆመ። «አሲያ፣ ማብቂያው ላይ ድምፁ እንዴት ጠራ? ከመነሻው ይልቅ እኮ ጠራ።»

«ድንጋዩ ሞቆት ነው፣ አባ ዘይኑ።»

አሲያ እስከዚህ ያለውን እየሳቀች ታወራለች፣ ለጠየቃትም ሁሉ ትነግራለች። አንዲት ነገር ላይ ስትደርስ ብቻ ይህን የምጽፈውን እኔን «እሷን ተይልኝ፣ አትጻፊያት» ትለኛለች።

የመጨረሻዎቹ ስንኞች ከቴፑ አልወጡም። አሮጌዎቹ ድንጋዮች ደክመው ድምፁ እንደ በሬ መጎርነን ሲጀምር፣ አሲያ በጭብጨባው መሀል ቴፑን አጠፋች። ሻርፗን አፏ ላይ ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ ቴፑ አስጠግታ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ፣ አባቷ በሚያነሡበት አነሣስ፣ እሳቸው በሚተነፍሱበት ቦታ እየተነፈሰች ራሷ ቀጠለች። በሰው ፊት ዐይን አፋር ናት፤ ስሟን ሲጠሯት እንኳ የምትደነግጥ። ሴቶቹ አዩና አንገታቸውን ደፉ፤ ረሒማ ከሁሉ አስበልጣ አጨበጨበች፣ እንዲሸፍናት።

በወንዶቹ በኩል ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አንድ ስንኝ ጠፍቶባት ዝም ስትል፣ ሼህ ፈረጅ ወደ መጋረጃው ሳይዞሩ ድቤውን ከጎናቸው ካለው ሰው ተቀበሉና የስንኙን መነሻ ምት መቱላት።