እሳት የገባበት ሽቦ

ለዚህ ሥራ የጃንጥላ ሽቦን የሚያህል የለም። የጠጉር ማስያዣ ገና ሲነኩት ይታጠፋል፤ የብስክሌት ሽቦ ከቁልፉ ቀዳዳ ይወፍራል። የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ግን ሲያጎብጡት መልሶ ይቀናል። በሞረድ አቅጥኖ ጫፉን ትንሽ ቀና ማድረግ፥ ከዚያ በመሳያ ድንጋይ ማለስለስ ነው። ሌላ ጠፍጣፋና ወፈር ያለ ቁራጭ ለመጠምዘዣ ይያዛል። ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

አባቴ ዳባት ላይ ፋኖስና ጓጉንቸር ይጠግን ነበር። ቁልፋቸው ጠፍቶ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸውን ጓጉንቸሮች ለእኔ ይሰጠኛል። አንዱን በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ ሆዱን አሳይቶኛል፤ ውስጡ በትንንሽ ሞላ የሚገፉ ጥርሶች አሉ። ቁልፉ ሁሉንም በየቁመታቸው ሲያነሳቸው ይዞራል። ቁልፍ ከሌለ በአንዱ ሽቦ ጠምዘዝ አድርጎ ይዞ፥ በሌላው ጥርሶቹን ተራ በተራ እየዳበሱ ማንሳት ነው። አንዱ ቦታውን ሲይዝ ጣት ላይ ይታወቃል። ሽቦዎቹን መሥራት ግን ራሴ በሙከራ የደረስኩበት ነው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ደባርቅ ተዳርኩ። ባለቤቴ ጤና ረዳት ነበር። ወደ አዲአርቃይ ቆላ ተመድቦ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ ስለነበር የኖርኩት ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። አማቴ የቤቱን ቁልፎች ሁሉ በመቀነታቸው አስረው ይውላሉ። የጓዳው፥ የሳጥኑ፥ በጓሮ በኩል ያለው የእህል ቤት፥ ሁሉም እዚያው ወገባቸው ላይ ነው። «ሙሽራ ቁልፍ የምትይዘው አማቷ ስትገነዝ ነው» ይሉ ነበር፤ እንግዳ ሲኖር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከዱቄቱ ጎታ በቀነሱ ቁጥር ላዩን በእጃቸው ደልድለው መዳፋቸውን ያትሙበታል። በማግስቱ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን መዳፍ ነው።

ቀኑ አይገፋልኝም ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ዳንቴል ትሠራለች፤ እኔ ከአባቴ ቤት ያመጣኋቸውን ሁለት ጓጉንቸሮች ይዤ፥ ንፋስ ከሰበረው ጃንጥላ ሽቦ እየሞረድኩ፥ መክፈትና መዝጋት ያዝኩ። የሠራኋቸውን በባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። የቤቱን ጓጉንቸር አንዱንም ነክቼ አላውቅም።

ቆርቆሮውን ያገኘው የባለቤቴ ወንድም ነው። ተማሪ ነበር፤ ተጫዋች፥ የእናቱ ዓይን። የጽዋ ማኅበር ሴቶች ቤቱን በሞሉበት ቀን ይዞት ገባና «እማ፥ ዳባቴዋ የሌባ መርፌ ትሠራለች» አለ እየሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። አማቴ አልሳቁም። ምን እንደሚሠራ አሳዪን አሉኝና የራሴን ጓጉንቸር በፊታቸው ከፈትኩ። አማቴ ቆርቆሮውን ከእጄ ወስደው ሽቦዎቹን ምድጃው ውስጥ አፈሰሱ። ፍም እስኪመስሉ አብረን አየናቸው።

«እስኪ አሁን ክፈቺ» አሉኝ።

ከሴቶቹ አንዷ እጇንም አብረሽ ብትጨምሪው ይሻል ነበር አለች። ሞረዴ መጸዳጃ ጉድጓድ ገባ። ከዚያ አማቴ ማተቤን አስይዘው በዚህ ቤት ቁልፍ ላይ እጄን እንደማላሳርፍ አስማሉኝ። ባለቤቴ በመጣ ጊዜ ነገሩን ሰምቶ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፥ እናቱንም ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ነገረኝ። ጠየቅሁ። ሽቦዎቹን ግን በማግስቱ ከአመዱ ለቅሜ ወደ ቆርቆሯቸው መልሻቸው ነበር። ጠቁረዋል እንጂ መልካቸው ያው ነው።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ። የእናቶች ዘዴ አንድ ነበር፤ ልጅን አስገብቶ በሩን በውጭ መቆለፍ። አብዮት ጠባቂዎቹ ይመጣሉ፥ ጓጉንቸሩን ይነካሉ፥ ሰው የለም ብለው ያልፋሉ። የተቆለፈ በር ባዶ ቤት ነው ብለው እስካመኑ ድረስ ዘዴው ይሠራል።

አንድ የገበያ ቀን ጧት አማቴ ልጃቸውን እህል ቤት አስገብተው ቆለፉበት። ቁልፉን ለእኔ አልተዉልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ምንም እንዳልሆነ ሰው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገበያ ወጡ። ረፋዱ ላይ ጠባቂዎቹ መጡ። ዋናውን ቤት በርብረው ወደ ጓሮ ዞሩ፥ የእህል ቤቱን ጓጉንቸር ወዘወዙት፥ ሄዱ። አንደኛቸው ግን ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአጥራችን በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጣች። ፍሙን ስታፍስ ቀና ሳትል ነገረችኝ። አማቴን ገበያው ላይ ይዘው ቀበሌ አስገብተዋቸዋል፤ ልጅሽን አምጪ እየተባሉ ውስጥ እግራቸውን ይገረፋሉ። የወገባቸውን ቁልፍ ፈተው ወስደውባቸዋል። ከምሳ በኋላ ቤቱ ድረስ መጥተው ቁልፉን በየበሩ ሊሞክሩት ነው። ይህን ብላ ፍሟን ይዛ ሄደች።

በሩን መስበር አይቻልም፤ ድምፁ ከጠባቂው ጆሮ ይገባል። ባይሰማ እንኳ የተሰበረ ጓጉንቸር ሲያዩ ሰው እንደነበረ ያውቃሉ፤ ልጁ ከጓሮው በታች ያለውን ገደል ሳያልፍ ይደርሱበታል። መከፈት፥ ከዚያም እንደነበረ ተመልሶ መዘጋት ነበረበት።

ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። የእህል ቤቱ በር ለመንገድ አይታይም። ጠፍጣፋው መጠምዘዣ ወፍራም ስለነበር እንደ ምንም ያዘልኝ። ቀጭኑ ግን የመጀመሪያውን ጥርስ ሲነካ እንደ ክር ታጠፈ። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ታጠፈ። እሳት የገባበት ሽቦ ጥንካሬውን ያጣል። አውቀው ነበር፤ ቢሆንም ያሉኝን ሁሉ ሞከርኩ።

ልጁ ከውስጥ ሆኖ «ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እታለም፥ ውሃ አለሽ?»

እናቱ መታሰራቸውን፥ እነዚያም በቁልፉ እንደሚመጡ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ውሃ አልጠየቀኝም።

ቤት ውስጥ የቀረው ጃንጥላ አንድ ነበር፤ አማቴ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚይዙት፥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው። ፈትቼ አንዱን ሽቦ ከጨርቁ አላቀቅሁና ሰበርኩት። ሞረድ የለኝም። ያለው የቢላዋ መሳያው ድንጋይ ነው፤ እሱም ከደጃፉ ጋር የተተከለ፥ ጠባቂው ከሚያይበት። ቢላዋ ከላይ አድርጌ ሽቦውን ከሥሩ ደብቄ መሳል ጀመርኩ። ድምፁ ወጣ።

«ምን ሊታረድ ነው?» አለኝ ጠባቂው ከተቀመጠበት።

መሳሌን ቀጠልኩ።

«አማቷ ታስረው እሷ ቢላዋ ትስላለች» ብሎ ሳቀ። «መቼም ከዚህ የተሻለ ፋሲካ አታገኚም። ቅልጥሙን ለእኔ።»

«ላንተ አስቀምጣለሁ» አልኩት።

በዚህ ደስ ብሎት ወደ ኋላው ተደገፈ። የሽቦው ጫፍ እስኪቀጥን አውራ ጣቴ ተላጠ።

ወደ ጓሮ ስመለስ ጎረቤቶች ምሳ የሚበሉበት ሰዓት ነበር። መጠምዘዣውን አስገብቼ በቀጭኑ ዳበስኩ። የመጀመሪያው ጥርስ ቦታውን ያዘ። ሁለተኛው ያዘና ተመለሰ።

«እታለም» አለ በሩ ውስጥ ሆኖ። «ያን ጊዜ ለእማ ያሳየኋት…»

«ዝም በል።»

«አይደለም፥ ልልሽ የፈለግሁት…»

«ዝም በል ብዬሃለሁ። እጄን አትረብሸው።»

ምን ሊለኝ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ጓጉንቸሩ ተከፈተ። ሲወጣ ፊቱ አቧራ ብቻ ነበር። ያመጣሁለትን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። በጓሮው አጥር ሾልኮ በሸለቆው ወረደ፤ ሐሳቡ በቡይት ራስ በላይ አድርጎ ከተራራው ማዶ አምቢኮ አክስቱ ዘንድ መድረስ ነበር። እኔ የተኛበትን አጎዛ አወጣሁ፥ የሸናበትን ጣሳ ደፋሁ፥ ወለሉን ጠርጌ ገለባ በተንሁበት። ጓጉንቸር ለመዝጋት ቁልፍ አያስፈልገውም፤ መጫን ብቻ ነው። ተጫንሁት።

ሲመጡ አማቴን ከፊት አስቀድመው ነበር። ጫማቸው በእጃቸው ነው፤ እግራቸው ስላበጠ አልገባላቸውም። የተረከዛቸውን ዳር እየረገጡ ነበር የሚሄዱ። ሹማቸው ቁልፎቹን አንድ በአንድ እህል ቤቱ ላይ ሞከረ። አማቴ ከአጠገቡ ቆመው ያያሉ። ልጃቸው ውስጥ መሆኑን ነው የሚያውቁት። እኔ ልነግራቸው አልችልም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞሩም። ቁልፉ በገጠመ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሩ ተከፈተ። ገለባውን በሰደፍ ገለባበጡት። ሹሙ ወጣና «አንቺ አሮጊት» አላቸው፤ «ባዶ ቤት ቆልፈሽ ነው እስከዚህ የተገረፍሽ?»

አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው ባዶውን ቤት አዩ። ደጅ የነበረው ጠባቂ በጉስ የታለ ብሎኝ፥ ቢላዋ ስስል እንዳየኝ ለባልንጀሮቹ አጫውቶ አሳቃቸው። አማቴም ሰሙ። ጠባቂዎቹ ቁልፎቹን መሬት ላይ ወርውረው ሄዱ።

አማቴ ጎንበስ ብለው ቁልፎቻቸውን አነሱ፤ ላነሳላቸው ብል እጄን ገፉት። መቀነታቸው ላይ አስረው ሲጨርሱ «ማን ከፈተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«በምን?»

«በጃንጥላዎ ሽቦ።»

«የት ሄደ?»

«አምቢኮ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቀመጣሉ ብዬ በርጩማ አቀረብኩ፤ አልተቀመጡም። ግድግዳውን እየያዙ ወደ ጓዳ ሄዱ፥ ቆልፈውት የነበረውን ከፈቱ፥ የዱቄቱን ጎታ ክዳን አነሱ። መዳፉ እንደታተመ ነበር።

«ያን መክፈት ከቻልሽ ይኸንንም ትችያለሽ» አሉ።

የራሳቸውን እጅ በኅትመቱ ላይ አሳረፉ። ልክ ነበር። እሱም አልበቃቸውም። «አምጪ እጅሽን» አሉና አንጓዬን ይዘው መዳፌን በዱቄቱ ላይ ከኅትመታቸው ጎን ተጫኑት። የተላጠው አውራ ጣቴ ደም ዱቄቱን ነካው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ የእኔ ጣቶች ይረዝማሉ።

«ያንቺ አይደለም» አሉ። ከዚያ ደም የነካውን ዱቄት በጣታቸው ቆንጥረው መሬት ላይ ጣሉ፥ ላዩን ደለደሉ፥ እንደገና አተሙበት። «መሐላሽን ግን አፍርሰሻል። ነገ ለአባ ትናገሪያለሽ።»

ለንስሐ አባታችን መሐላ ማፍረሴን ተናገርኩ። ለምን እንዳፈረስኩ አልጠየቁኝም። ቀኖናዬን ተቀብዬ ፈጸምኩ።

በቀጣዩ ክረምት አማቴ ያንኑ ጃንጥላ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። አንድ ጎኑ ወድቋል፤ ዝናቡ በቀኝ ትከሻቸው ይወርዳል። ምን ነካው ብለው ለሚጠይቋቸው ሁሉ «ምራቴ ሰበረችብኝ» ይላሉ። ለምን እንደሰበርኩት ማንም ሊናገር አይችልም ነበር፤ ልጁ አምቢኮ ተደብቋል። ሴቶቹ አማቷ ሲገረፉ ቢላዋ የሳለችው ያቺው ናት እያሉ ይተያዩ ነበር። የጠባቂው ቀልድ ከተማውን አዳርሶታል።

ደርግ ሲወድቅ ልጁ በሕይወት ተመልሶ መጣ። አሁን ይነገራል ብዬ ጠበቅሁ። የእንኳን ደኅና ገባህ ሰው ቤቱን በሞላበት ቀን ዝናብ ነበርና አንዲት ሴት ያን የተንጋደደ ጃንጥላ ጥግ ቆሞ አይታ፥ ይህን ደግሞ ማን እንዲህ አደረገው አለች።

«ምራቴ» አሉ አማቴ።

ባለቤቴ የተቀመጠው ከወንድሙ ጎን ነበር። ወንድሙ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ወደ እናቱ ዞረና «አዲስ እገዛልሻለሁ፥ እማ» አለ።

«ተወው» አሉት። «የሰበረችው እያየችው ትኑር።»