ስኮትላንዳዊት ቤት የላክሁት ሽማግሌ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ አሌክሳንድሪያ የአንዲት ስኮትላንዳዊት አሮጊት በር አንኳኳሁ። የምሠራበት ኤጀንሲ ቢሰማ በማግስቱ ያባርረኛል...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሚስተር ኢያን የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት እቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ስኮትላንዳዊ ናቸው፤ እዚህ አገር ከመጡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰው እየረሱ መጥተዋል። እኔን ራሴን አንዳንድ ቀን «አዲስ ነሽ?» ይሉኛል። ያልረሱት ሰው ቢኖር እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉትን ታናሽ እህታቸውን ሞይራን ነው። በየቀኑ «ሞይራ ደወለች?» ብለው ይጠይቁኛል። አልደወሉም። ከተኳረፉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

ያኳረፋቸው ርስት እንዳይመስላችሁ። የስኮትላንድ ነፃነት ነው! ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ትለይ ወይስ አብራ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲቃረብ በየእሁዱ ስልክ ላይ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። ወንድም «ባልመረጥነው የለንደን መንግሥት እስከ መቼ እንገዛለን? የባሕሩ ነዳጅ የእኛ ነው፤ ራሳችንን ችለን እንቁም» ይላሉ። እህት ደግሞ «በምን ገንዘብ ልንገበያይ ነው? የሽማግሌዎቹን ጡረታ ማን ሊከፍል? ሦስት መቶ ዓመት አብረን ኖረን፣ ግማሹ ዘመዳችን እንግሊዝ ሆኖ፣ አሁን በመሃላችን ድንበር?» ይላሉ። ውጤቱ «አብረን እንቆይ» ሆኖ ሲወጣ ሞይራ ደውለው «ተመስገን፣ ተገላገልን» አሉ። ሚስተር ኢያን ስልኩን ዘጉት። በዚያው ተዘግቶ ቀረ።

የሚገርመው ሁለቱም ድምፅ አልሰጡም። ነዋሪነታቸው ከአገር ውጭ ስለሆነ መምረጥ አይችሉም ነበር። ይሄን ከራሳቸው አፍ ስሰማ ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም። እኛስ ቤት በእንዲህ ዓይነት ወሬ ሳይበላ የተነሳ ስንት ማዕድ አለ?

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ተሾመ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አስታራቂ ናቸው። አንድ ጓደኛቸውን ይዘው መጡ።

ሞይራ በሩን ሲከፍቱ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አዩ። ሰባኪዎች መስለናቸው «አመሰግናለሁ፣ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ» ብለው ሊዘጉብን ሲሉ የወንድማቸውን ስም ጠራሁ። አስገቡን። ተቀመጡ ሲሉን ጋሽ ተሾመ እንደ ባህላችን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ።

«ኢያን ሞተ?»

«ኧረ በስመ አብ! አሉ!» አልኳቸው። «ግን ሰው እየረሱ ነው። እርስዎን ሳይረሱ ይድረሱ።»

ሞይራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ እኮ እሱ ይደውላል ብዬ ነው የጠበቅሁት» አሉና አለቀሱ። ነገ እመጣለሁ አሉ። ጋሽ ተሾመ ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

«ልጄ፣ ይቺን በደንብ ትራንስሌት አድርጊልኝ» አሉኝ። «እህቴ፣ ነገ ሲገቡ ክርክር የሚባል እንዳያነሱ። የፈለጉትን ቢናገሩ 'ልክ ነህ' ይበሏቸው። ለታላቅ መሸነፍ ነውር የለውም።»

ተረጎምኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

እሁድ ጠዋት ለሚስተር ኢያን «ዛሬ ሞይራ ይመጣሉ» ስላቸው ተላጩ፣ ክራባት አሰሩ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አሉኝ። ሲጽፉ ቆዩና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ሞይራ ከሰዓት በኋላ ገቡ። አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ። ሚስተር ኢያን ትክ ብለው አዩዋቸው፤ ዓይናቸው በራ።

«ለንደኖቹ አብራችሁን ከቆያችሁ ከአውሮፓ ኅብረት አትወጡም አሉን። ከዚያ ራሳቸው ጎትተው አስወጡን! አሁንስ ምን ትያለሽ?»

ሞይራ ወደ እኔ ዞረው አዩ። እኔ... ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

«ልክ ነህ፣ ኢያን። ልክ ነበርክ።»

ሚስተር ኢያን ቀስ ብለው እጃቸውን አስለቀቁ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ሌላ ሰው መስለውኝ ነው» አሉ በትሕትና። «እህቴን እየጠበቅሁ ነው። እሷ ብትሆን ኖሮ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ትከራከረኝ ነበር።»

ሞይራ ተንሰቀሰቁ። «ጡረታውስ? ገንዘቡስ? የአውሮፓው መለያየት እንዲህ ካመመን ሁለተኛው ሊያድነን ነው? መልስልኝ እንጂ፣ አንተ ደረቅ!» እያሉ ክራባታቸውን ይዘው ለመኗቸው። እሳቸው ግን የማያውቃት ሴት ስታለቅስበት ግራ እንደገባው ሰው የሞይራን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሞይራን ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ይዟት ይሆን?»

ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ። ሞይራ ከሄዱ በኋላ ለሚስተር ኢያን ልብሳቸውን ስቀይርላቸው ወረቀቱን ከኪሳቸው አገኘሁት። አንድ፣ ነዳጅ። ሁለት፣ ያልመረጥነው መንግሥት። ሦስት፣ አውሮፓ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፦ «አራት፣ ጡረታ። እዚህ ላይ እሷ ልክ ነበረች። ክርክሩ ሲያልቅ ንገራት።»

ወረቀቱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለሞይራ ልስጣቸው ወይስ ልተወው... እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰኞ ጋሽ ተሾመ ኮል አደረጉልኝ። «እህስ ልጄ፣ ታረቁልን?»

«ተስማሙ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሳይስማሙ በፊት ግን ይተዋወቁ ነበር።