በበረዶ ሜዳው ዳር ያለው ሚዛን

ዘሐራ በኦክላንዱ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ሽንት ቤት ማጽዳት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከሽታው ሁሉ ይልቅ የሚያቅለሸልሻት ግን አሰልጣኙ ነበር። በፈረንጆቹ 1997 መኸር፣ እዚያ የሚሠለጥኑት ተንሸራታች ልጆች አውሮፓ ውስጥ ለሚደረገው የታዳጊዎች ውድድር ሲዘጋጁ፣ ይህ ሰውዬ የአሥራ አራት ዓመቷን ኬሊን ጠዋት ጠዋት በሰው ፊት ሚዛን ላይ እያቆመ እንደ በርበሬ ይመዝናታል። ቁጥሩ ሲቀንስ ደግሞ እናትየው ታጨበጭባለች! ዘሐራ "ቱ! ይቺም ወላጅ ተብላ!" ትላለች በሆዷ።

ውድድሩ አልቆ ኬሊ ከሃንጋሪ ስትመለስ ጉንጯ ሞላ ብሎ፣ ፊቷ ወዝ ይዞ ነበር። ዘሐራ ደስ አላት። በአገሯ በደሴ ከመንገድ የገባ ሰው የሚመሰገነው "አልሐምዱሊላህ፣ ወፈርሽ፣ አማረብሽ!" ተብሎ ነው። እሷም ያንኑ በቅን ልብ በእንግሊዝኛ አለቻት፦ "ኬሊዬ፣ ዩ ጎት ፋት! ቬሪ ጉድ!"

ልጅቷ ክው አለች። ሮጣ ሽንት ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ዘሐራ ከበሩ ውጭ ቆማ ልጅቷ ስታስመልስ ሰማቻት። በየጊዜው እዚያ የምታገኘውን ትውከት "የጥጋብ ነው" እያለች ስትጠርገው ከርማለች፤ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ገና አሁን ገባት።

አሰልጣኙ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። "ታንክ ዩ! እኔ ወፍረሻል ስላት እኮ አልሰማ ብላኝ ነበር" አላት እየሳቀ።

ዘሐራ የሽንት ቤቱን መወልወያ ጨርቅ አነሳችና ከወለሉ በፊት ትከሻዋን ጠረገችበት። ምላሷን የምትጠርግበት ግን አጣች።