ኮትቻ ወራጅ

«ኮትቻ ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰበታ ወደ ተፍኪ ስሄድ። ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ይፈላል።

ያኔ በአንድ የአፈር ምርመራ ድርጅት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተጋጋለበት ኅዳር ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ መለኪያ የያዘ ሰው ሁሉ መሬት ነጣቂ ተደርጎ ይታያል። ቀዩ ተረተር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ለፋብሪካ ሊነሡ፣ ታች ሜዳው ላይ ቤት ሊሠራላቸው ታስቦ፣ እኔና አለቃዬ አፈሩን ልንመረምር ሄድን።

ከሚነሡት አንዱ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ጎረምሶች መኪናችንን ከበው ሲጮኹ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። የተፍኪ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ኦቦ ቶሎሳ ጎረምሶቹን ገሠጹና ከሜዳው የተነቀለ እሸት ሽምብራ አስታቀፉኝ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ሽምብራ የሜዳውን ጥቁር አፈር ይወዳል።

አለቃዬ ወደ ሜዳው እያመለከተ «ይሄ ምን ይባላል?» አላቸው።

«ኮትቻ» አሉት። ጻፈ።

በእኛ አገር ኮትቻ ማለት ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በበጋ እግር እስኪውጥ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። አዲስ አበቤው አለቃዬ የቦታ ስም መሰለው።

ስለዚህ የትም ቢቆፈር አንድ ነው ብሎ፣ መኪናውን ጭቃ እንዳይዘውም ሰግቶ፣ ናሙናውን ከተረተሩ፣ ከመንገዱ ዳር አስቆፈረ። እኔ በእግሬ ሜዳው ወርጄ ጥቁሩን በላስቲክ ቋጥሬ መጣሁ። ቢሮ ስንመለስ ሁለቱን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ ውሃ በተሞሉ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ነሰነስኳቸው። በማግስቱ ቀዩ እንደተኛ ተኝቷል፤ ጥቁሩ አብጦ እጥፍ ሆኗል። ሁለቱም የአንድ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ውሃ እያጠበው የሚወርደው ተዳፋት ካኦሊናይት የሚባል ረጋ ያለ ሸክላ ያፈራል፤ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ደግሞ ሞንትሞሪሎናይት። ይሄኛው ውሃ በንብርብሮቹ መካከል እየሳበ ቤት ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲደርቅ መልሶ ይጥላል።

«ድንጋዩ አንድ፣ አፈሩም አንድ» አለ አለቃዬ ብርጭቆዎቹን ሳያይ።

«ኮትቻ የቦታው ስም አይደለም! አፈሩ ነው! ቤታቸው ይሰነጠቃል!»

«አንቺ ልጅ፣ ጊዜው መጥፎ ነው። እንደገና ሄጄ በድንጋይ ልፈነከት? ቀይ አፈር፣ ለቤት ተስማሚ። አለቀ።»

ጮኽኩበት። ከእሱ በላይ ያለው ጋ ገብቼም ጮኽኩ፤ ከሥራ አባረሩኝ። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ የእነ ኦቦ ቶሎሳ መነሣት ግን አልቀረም።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ «አለ!» ብዬ ወረድኩ። መግቢያው ላይ «ኮትቻ መንደር» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። የኦቦ ቶሎሳ ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፤ በሽምብራ ገለባና በጭቃ ደፍነውታል። አርጅተዋል፤ ድምፄን ግን ለዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክረምት ሲሆን በሩ አልከፈት ይላል፤ በበጋ ደግሞ አልዘጋ» አሉኝ።

«ያ አለቃዬ የነበረው ሰውዬ ስህተት እንደሠራ ያውቃሉ፣ ኦቦ?»

«ምን ይባላል አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚህ በላይ ምን ልበለው?»

አለቃዬ፣ እንደሰማሁት፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል ይሉኛል፤ የእኔን አላበረደውም፣ እንዲያበርደውም አልፈልግም። ስመለስ መንገዱ ዳር የቆመ ረዳት «ኮትቻ! ኮትቻ! ኮትቻ!» እያለ ይጣራል። ያኔ እኔም የጮኽኩት ይህንኑ ነበር።